መሃል አዲስ አበባ ከሰማይ፦ ሳተላይት አስፋልቱን ከአፈሩ እንዴት ይለያል?

የአዲስ አበባን መስፋፋት የሚያሳዩ የሳተላይት ካርታዎች አይታችሁ ይሆናል። አብዛኞቹ ይመሳሰላሉ። የተገነባው መሬት በቀይ ይቀባል፣ ያልተገነባው በአረንጓዴ። ዓመታቱ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ቀዩ ቀለም ወደ ለሚ ኩራ፣ ወደ አቃቂ፣ ወደ ኮልፌ ሲፈስ ይታያል። መሃሉ ግን ከመጀመሪያው ካርታ ጀምሮ ቀይ ነው። ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ፣ ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ፣ ከጥቂት አረንጓዴ ነጠብጣቦች በቀር ያኔም ቀይ፣ ዛሬም ቀይ።

በዚህ ካርታ ከሄድን መሃል ከተማው ላለፉት 40 ዓመታት ምንም አልሆነም ማለት ነው። እስቲ ይህን ለካዛንቺስ ልጅ ንገሩት።

ካርታው አልዋሸም። ጥያቄው ነው ለመሃል ከተማ የማይሆነው። "እዚህ ቦታ ከተማ አለ ወይስ የለም?" ብሎ መጠየቅ ለዳር ሰፈር ይሠራል። ትናንት የጤፍ ማሳ የነበረው ዛሬ ኮንዶሚኒየም ከሆነ መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው፣ አለቀ። መሃል ላይ የሚያስፈልገው ሌላ ጥያቄ ነው። ከዚህ መሬት ስንት እጁ ውሃ በማያሰርግ ነገር ተሸፍኗል? አስፋልት፣ ሊሾ፣ ኮንክሪት፣ ሴራሚክ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሁሉም ይቆጠራል። ባጭሩ የተደፈነ መሬት እንበለው።

ለምን ይቆጠራል ካላችሁ፣ ነገሩ የዝናብ ሒሳብ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። 500 ካሬ ግቢ ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል 15,000 ሊትር ነው። የሐምሌን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር አያስደንቀውም። ግቢው ሣርና አፈር ከሆነ አብዛኛው እዚያው ይሰርጋል። ጥግ እስከ ጥግ ሊሾ ከሆነ ግን ወደ መንገድ ይወጣል። የፍሳሽ መሐንዲሶች ቱቦ ሲለኩ ከአስፋልትና ከኮንክሪት ላይ ከዝናቡ ከ70 እስከ 95 በመቶው ይፈሳል ብለው ያሰላሉ። ለሣር እንደ አፈሩና እንደ ተዳፋቱ ከ5 እስከ 35 በመቶ ይይዛሉ። አዲስ አበባ ደግሞ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ከታች አቃቂ ከ2,100 ሜትር ብዙም አይርቅም። ላይ የተደፈነው መሬት ያላሰረገው ውሃ በቀጨኔ፣ በቀበና፣ በግንፍሌ አድርጎ ታች ያለው ሰው ደጃፍ ላይ ይደርሳል።

ወደ ሳተላይቶቹ እንምጣ። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚያገለግሉት የአሜሪካው ላንድሳት እና የአውሮፓው ሴንቲኔል ናቸው። የመጀመሪያው ላንድሳት የመጠቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ ጃንሆይ ገና ዙፋን ላይ ነበሩ። ለከተማ ሥራ የሚሆን ጥራት ያለው ምስል የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከመጠቁት ላንድሳት 4 እና ላንድሳት 5 ጀምሮ ነው። የእነሱ ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የተሠራባት ትንሿ ካሬ፣ መሬት ላይ 30 በ30 ሜትር ትሸፍናለች። ያ 900 ካሬ ነው። በድሮው ዶሮ ማነቂያ 900 ካሬ ላይ ስንት ቤት፣ ስንት ሰርቪስ፣ ስንት የጋራ ሽንት ቤት ይገኝ እንደነበር አስቡት። ይህ ሁሉ በአንድ ቁጥር ይጠቃለላል።

እ.ኤ.አ. በ2015 ሴንቲኔል 2 ሲመጣ ነገሩ ተሻሻለ። የእሱ ፒክስል በዋና ዋናዎቹ ቀለሞች 10 በ10 ሜትር ነው፤ 100 ካሬ፣ አንድ የቀበሌ ቤት ከነጓሮው። ሁለት ሆነው እየተፈራረቁ በ5 ቀን አንዴ ያነሱናል። ላንድሳቶቹ ደግሞ ሁለት ሆነው በ8 ቀን አንዴ። ሁሉም አዲስ አበባ ላይ የሚያልፉት ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ከሰዓቱ ዝንፍ አይሉም። ምስሎቹ በነፃ ይገኛሉ። የላንድሳት ማህደር እ.ኤ.አ. እስከ 2008 ድረስ አንዱ ምስል በመቶዎች ዶላር ይሸጥ ነበር። ዛሬ ኢንተርኔት ያለው ተማሪ ያወርደዋል። የአዲስ አበባ አድራሻ በላንድሳት ቁጥር መስመር 168፣ ረድፍ 54 ነው።

እነዚህ ሳተላይቶች እንደ ስልክ ካሜራ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብቻ አይደለም የሚያዩት። ዓይናችን የማያየውን የኢንፍራሬድ ብርሃንም ይለካሉ። ጨዋታው ያለው እዚያ ነው። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግቡ ይውጠዋል። ከቀዩ ቀጥሎ ያለውን ኢንፍራሬድ ግን መልሶ ይረጨዋል። ለምሳሌ አንድ ሣር ከቀዩ 5 በመቶ፣ ከኢንፍራሬዱ 45 በመቶ መለሰ እንበል። ልዩነቱን ለድምሩ ስናካፍል፣ 40 ለ50፣ 0.8 ይሆናል። ይህ በሙያው የታወቀው የአረንጓዴነት መለኪያ ነው። አስፋልት ከቀዩ 10፣ ከኢንፍራሬዱ 12 ቢመልስ ውጤቱ 0.09 ነው። ስለዚህ ሣርና አስፋልትን መለየት ለሳተላይት ቀላል ነው።

ችግሩ የሚጀምረው አፈር ላይ ነው። የደረቀ አፈር ከቀዩ 20፣ ከኢንፍራሬዱ 27 ይመልሳል ብንል ውጤቱ 0.15 ነው። ከአስፋልቱ 0.09 ምን ያህል ይርቃል? ምንም ያህል። ለሳተላይቱ ሁለቱም "አረንጓዴ ያልሆነ ነገር" ናቸው። ለእኛ ግን አንዱ ውሃ ይጠጣል፣ ሌላው አይጠጣም።

ይህን ለመፍታት ተብሎ የወጣ ሌላ መለኪያ አለ። ከቀዩ ራቅ ያለውን ኢንፍራሬድ ከቅርቡ ጋር ያወዳድርና ግንባታን ለመጠቆም ይሞክራል። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ በእሱ ተሠርቷል። ለአዲስ አበባ በጋ ግን ለብቻው አይታመንም ባይ ነኝ። ደረቅ አፈር ራቅ ያለውን ኢንፍራሬድ በደንብ ስለሚመልስ በዚህ መለኪያ ብዙ ጊዜ ከአስፋልት የበለጠ "ግንባታ" መስሎ ይወጣል። የተቆፈረ መሠረት፣ ገረጋንቲ የፈሰሰበት መንገድ፣ የሰፈር ኳስ ሜዳ፣ ሁሉም ሕንፃ ይሆናሉ።

የእኛ ከተማ ደግሞ የራሷን ፈተና ጨምራለች። ቆርቆሮ። አዲስ ቆርቆሮ በምስሉ ላይ ያበራል፣ አንዳንዴም ዳሳሹ፣ ማለትም የሳተላይቱ ዓይን፣ ከዚያ በላይ መለካት እስኪያቅተው ድረስ። ዓመታት ሲያልፉ ይዝጋል። ዝገት የብረት ኦክሳይድ ነው። ቀይ አፈርን ቀይ ያደረገውም የብረት ኦክሳይድ ነው። ስለዚህ የዛገ የቆርቆሮ ጣሪያና ባዶ ቀይ መሬት ለሳተላይት ወንድማማች ይመስላሉ። ውጭ አገር ተሠርቶ የመጣ ዓለም አቀፍ ካርታ የድሮ ሰፈሮቻችን ላይ የሚደናገርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በኮንክሪት ጣሪያና በሸክላ ክዳን የሠለጠነ ፕሮግራም የ40 ዓመት ቆርቆሮ ሲያይ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። የሙቀት መለኪያውም አያድነውም። ያልዛገ ቆርቆሮ ሙቀቱን በኢንፍራሬድ ለመልቀቅ ስስታም ስለሆነ፣ በሙቀት ምስል ላይ ከትክክለኛ ሙቀቱ የቀዘቀዘ መስሎ ይታያል። ከሥሩ የሚኖረው ሰው እውነቱን ያውቃል።

መፍትሔው ከወቅቶቻችን ይገኛል። እኔ የዚህ ሥራ ቆንጆው ክፍል ይህ ይመስለኛል። ክረምቱ እንዳለፈ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት፣ ያልተደፈነ መሬት ሁሉ የሆነ ነገር ያበቅላል። ሣር ይሁን፣ አረም ይሁን፣ አደይ ይሁን፣ ብቻ ይለመልማል። የተደፈነው ግን ግራጫ ሆኖ ይቆያል። ያንኑ ቦታ የካቲት ወይም መጋቢት ላይ ደግማችሁ እዩት። በጥቅምት አረንጓዴ፣ በመጋቢት ቡናማ የሆነው አፈር ነው። በሁለቱም ጊዜ አረንጓዴ የሆነው ባሕር ዛፍ፣ ጽድ ወይም ውሃ የሚጠጣ የፓርክ ሣር ነው። በሁለቱም ጊዜ ግራጫ የሆነው የተደፈነ መሬት ነው፤ ጣሪያ ወይም አስፋልት። አንድ ምስል ያልመለሰውን ሁለት ምስል ይመልሰዋል። በዚህ ማጣሪያ የሚያመልጥ አለ። ሰውና መኪና ረግጦ ያጠነከረው ሜዳ በጥቅምትም አያበቅልም። እሱ ግን ውሃም በደንብ አያሰርግ፤ ስህተቱ ያን ያህል አይጎዳም።

ክረምቱ ራሱ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሳተላይቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ሲመጣ የሚያየው ደመና ነው።

አሁን ወደ ፒክስሉ ውስጥ እንግባ። 900 ካሬ ውስጥ ጣሪያ፣ ዛፍ፣ ኮብልስቶንና አፈር አብረው ካሉ ሳተላይቱ የሚሰጠን የሁሉንም ቅልቅል ነው። ተደልዞና ተፈጭቶ ያለቀ በርበሬ ቀምሶ ነጭ ሽንኩርቱና ኮረሪማው ምን ያህል እንደገባ እንደሚገምት ሰው፣ ባለሙያው ከቅልቅሉ ተነስቶ የእያንዳንዱን ድርሻ ይገምታል። ለዚህ ንጹሕ ናሙና ያስፈልገዋል። ሙሉ በሙሉ ዛፍ የሆነ ፒክስል ከእንጦጦ፣ ሙሉ በሙሉ አስፋልት የሆነ ከመስቀል አደባባይ፣ ሙሉ በሙሉ አፈር የሆነ ከአንድ ባዶ ቦታ። ከተማን በእነዚህ በሦስቱ፣ በዕፅዋት፣ በድፍን መሬትና በአፈር ከፍሎ ማየት እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተለመደ ዘዴ ነው። በቀላሉ ለማሳየት፣ በጥቅምት ምስል ሙሉ አረንጓዴው 0.8፣ ሙሉ ድፍኑ 0.1 ከሆነ፣ 0.45 ያመጣ ፒክስል ግማሽ በግማሽ ነው ማለት ይቻላል። እውነተኛው ስሌት ተጨማሪ ቀለሞችን ይጠቀማል፣ ሐሳቡ ግን ይኸው ነው።

በዚህ ዓይን ስናይ መሃል ከተማው አንድ ቀይ ቀለም መሆኑ ያበቃል። 45 በመቶ፣ 70 በመቶ፣ 95 በመቶ የሆኑ ብሎኮች ይወጣሉ። ያልጠበቅነው ነገርም ይመጣል። ጣሪያ ከጣሪያ የሚነካካበት የድሮ መንደር ገና ድሮ የተደፈነ ነበር። ጭቃ ቤት ቢሆንም ከላይ ያለው ቆርቆሮ ነው፤ ዝናቡ የሚያርፈው ቆርቆሮው ላይ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ፈርሶ አስፋልት፣ የእግረኛ መንገድና ሰፋ ያለ የሣር መደብ ከተሠራበት የተደፈነው ድርሻ ሊቀንስም ይችላል። ይህ ስለ ነዋሪው ዕጣ ምንም አይናገርም። የሚናገረው ስለ ውሃው ብቻ ነው።

በተቃራኒው፣ ማንም የማያየው ለውጥ ያለው ቪላ ቤቶቹ ጋ ነው። 500 ካሬ ግቢ ውስጥ 150 ካሬ ቪላ፣ የቀረው ጽጌረዳ፣ ኮክና ሣር የነበረበት ቤት ይሸጣል። ገዢው ቤዝመንት ቆፍሮ ከአጥር እስከ አጥር ፎቅ ይሠራል። ድርሻው ከ30 በመቶ ተነስቶ 100 ገባ። በአዎና በአይደለም ካርታ ላይ ይህ ግቢ ድሮም ቀይ ነበር፣ አሁንም ቀይ ነው። ፎቅ ባይሠራ እንኳ ባለቤቱ "ጭቃ ሰለቸን" ብሎ ግቢውን ሊሾ ወይም ቴራዞ ሲያደርገው ያው ነው። አንድ ግቢ ኢምንት ነው። በሺህ ሲባዛ ግን ቦዩ ያልተሠራለት ጎርፍ ይመጣል።

የፈረሱትን ቦታዎች ስንከታተል ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም.፣ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርሱ መሬቱ በወራት ውስጥ ብዙ መልክ ቀያይሯል። መጀመሪያ የዛገ ጣሪያ። ቀጥሎ ፍርስራሽና የተገለበጠ አፈር፣ በምስሉ ላይ ድንገት የሚያበራ። ቀጥሎ ጥቁር አስፋልት። በመጨረሻ በመንገዱ ዳር እንደ ክር የቀጠነ አረንጓዴ። አንድ ሰው ከፍርሻው በፊት የነበረውንና ፍርስራሹ ገና ያልተነሳበትን ምስል ብቻ ቢያወዳድር "ከተማው ወደ ባዶ መሬት ተመለሰ" የሚል ካርታ ያወጣል። ስለዚህ ሁለት ዓመት መርጦ ከማነፃፀር በየ5 ቀኑ የተነሳውን በተከታታይ ማየት ይሻላል። አፈር ሆኖ የታየው ቦታ የሥራ መሃል መሆኑ የሚታወቀው ያኔ ነው።

በደመና ወራት ይህን ተከታታይ የሚያሟላው ራዳር ነው። ሴንቲኔል 1 እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የራሱን ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ይለካል። ደመና አያግደውም፣ ሌሊትም ይሠራል። ሞገዱ መሬት ነክቶ፣ ግድግዳ መትቶ ወደ ሳተላይቱ ስለሚመለስ ሕንፃ ያለበት ቦታ በራዳር ምስል ያበራል። ግድግዳው ሲፈርስ ብርሃኑ ይወድቃል። በሐምሌ የፈረሰ ብሎክ ጥቅምትን ሳይጠብቅ ይታወቃል። ደካማ ጎኑ አስፋልት ነው። ለስላሳ ስለሆነ ሞገዱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወረውረዋል፤ እንደ ኩሬ ጥቁር ሆኖ ይታያል።

ከላይ የሚያይ ሁሉ የሚሸወድባቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። መንገድ ላይ ያዘነበለ ዛፍ አስፋልቱን ይሸፍናል፤ ሳተላይቱ ቅጠሉን እንጂ ከሥሩ ያለውን አያይም። ሰው ሠራሽ ሣር የተነጠፈበት የሰፈር ሜዳ ለዓይን አረንጓዴ ነው፤ ለኢንፍራሬድ ግን ፕላስቲክ መሆኑ ይታወቅበታል። ይህኛው ለሳተላይቱ ሞገስ ነው። ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ያለበት ሣር ግን ያታልለዋል። ከላይ እውነተኛ ሣር፣ ከሥር የኮንክሪት ሶሌታ። 209 ሜትር የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃና ጎረቤቶቹ ደግሞ በታኅሣሥ ረፋድ ወደ ሰሜን ምዕራብ ረጅም ጥላ ይጥላሉ። ጥላ ውስጥ የገባ ፒክስል ሁሉም ቀለሙ ስለሚጨልም ውሃ ወይም አስፋልት ይመስላል።

ይህ ሁሉ ስህተት ስላለ ካርታ ያለ ፈተና አይታመንም። ፈተናው እንዲህ ነው። ከካርታው ላይ ጥቂት መቶ ነጥቦች በዕጣ ይወጣሉ። እያንዳንዱን ነጥብ አንድ ሰው ጥርት ባለ ፎቶ ላይ ወይም በእግሩ ሄዶ ያየዋል። ካርታው "ድፍን" ያለው በእርግጥ ድፍን ነው? "አፈር" ያለውስ? ከዚያ የስህተቱ መጠን ይሰላል። ለምሳሌ አንድ ጥናት "የተደፈነው መሬት በ5 ዓመት 4 በመቶ ጨመረ" ቢል፣ የስህተቱ ስፋት ግን 6 በመቶ ከሆነ፣ ምንም አልነገረንም። ባለ ቀለም ካርታ አይታችሁ ይህን ቁጥር ካላገኛችሁ ጠይቁ።

ራሳችሁ ለማየት ከፈለጋችሁ ኮፐርኒከስ ብራውዘር የሚባለው ድረ ገጽ የሴንቲኔልን ምስሎች በነፃ ያሳያል። ዕፅዋት በቀይ የሚታዩበትን የቀለም ቅንብር ምረጡና ሰፈራችሁን በጥቅምት እና በመጋቢት እዩት። በሁለቱም ወር አንዴም ቀይ ያልሆነው የሰፈራችሁ ድፍን መሬት ነው። ጉግል ኧርዝ ላይ ያሉት የቆዩ ፎቶዎች ደግሞ የግቢውን ዛፍ ሳይቀር ያሳያሉ። ቀናቸው ግን የተዘበራረቀ ስለሆነ ለመቁጠር አይመቹም፤ ለማረጋገጥ ይጠቅማሉ።

አንድ ነገር ከሰማይ ጨርሶ አይታይም፤ አሸንዳው የት እንደሚያፈስ። ሁለት ጎረቤታሞች ግቢያቸው እኩል 60 በመቶ የተደፈነ ነው እንበል። የአንዱ አሸንዳ ጌሾ ሥር ያፈሳል፤ ውሃው እዚያው ይሰርጋል። የሌላው በቱቦ ቀጥታ መንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ይገባል። ለሳተላይቱ ሁለቱም 60 ናቸው። ቦዩን ለሚሠራው መሐንዲስ ግን ሁለተኛው ግቢ የሚልከው ውሃ ከመጀመሪያው ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ከሳተላይቱ የመጣውን ቁጥር ይዞ በየመንገዱ እየሄደ አሸንዳ የሚቆጥር ሰው መመደብ አለበት።